ሽምግልና ቀን አያቆምም

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር። ቦንጋ ውስጥ ሞባይል የያዘ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ የሚያወራበት ጊዜ ነው፤ የጅማው መንገድም ገና አቧራ ነበር። ዓመቱ ቢጠፋኝም ቀኑ አይጠፋኝም። ዐቢይ ጾም የገባበት ሰኞ ነው። በዚያ ሰኞ አንድ ዳኛ የአባቴን ጫካ ከእጄ አውጥቶ ለሌላ ሰው ሰጠው።

ፈረደ አላልኩም። ትዕዛዝ ነው የሰጠው። ፍርድና ትዕዛዝ ሁለት መሆናቸውን ያኔም አውቅ ነበር፤ ያጠፋኝም ያቺ ግማሽ እውቀት ናት። ጭራሽ ባላውቅ ኖሮ ዞር ዞር ብዬ እጠይቅ ነበር።

እኔ ሰው ላይ የምጮህ ሰው አይደለሁም። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «አንተ የምትቆጣው ንብ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ዓይንህ ላይ ስትነድፍህ» ትለኝ ነበር። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ አማርኛዬንም የጨረስኩት ገበያ ላይና ቢሮ በር ላይ ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። ግን ይሄን ነገር ባነሳሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል፤ እስከ ዛሬ።

ጫካው ከማንኪራ ማዶ፣ ቁልቁል ወንዙ ድረስ ነው። እኛ ዘንድ ጫካ ዝም ብሎ የበቀለ ዛፍ አይደለም። ቀፎ የሰቀለበት ሰው አለው፤ ከሥር ያለውን ቡናም የሚለቅመው ያው ሰው ነው። ሌላ ሰው ቀፎ መስቀል ቢፈልግ ባለጫካውን ያስፈቅዳል። ከተፈቀደለት በየዓመቱ ማር ሲቆረጥ አንድ ማሰሮ ማር ይዞ ይመጣል። ማሰሮው ኪራይ አይደለም። «ጫካው ያንተ መሆኑን አልረሳሁም» ማለት ነው። ማሰሮውን የተቀበለ አመስግኖ ይመርቃል፤ የቀረበት ደግሞ አይጠይቅም፤ ማር መጠየቅ ነውር ነው።

ቦንጋ የሚኖር አንድ ቡና ነጋዴ ነበር። አባቴ ስድስት ቀፎ እንዲሰቅል ፈቅዶለት ማሰሮውን ስንት ዓመት አመጣ። አባቴ ካረፈም በኋላ ሁለቴ ለእኔ አመጣ። ሦስተኛው ዓመት ላይ ቀረ። ታሟል ብዬ ዝም አልኩ። በአራተኛው ዓመት በማሰሮው ፋንታ የክስ መጥሪያ መጣልኝ። ጫካው የእሱ ይዞታ ነው፣ እኔ በጉልበት ገብቼበታለሁ፣ ሁከቱ ይወገድልኝ ይላል። የቀበሌ ማኅተም ያለበት ወረቀትም አያይዟል። መጥሪያውን የልጅ ልጄ ስታነብልኝ «አባባ፣ ሁከት ምንድነው?» አለችኝ። «እኔ ነኝ መሰለኝ» አልኳት።

እንግዲህ በወረዳችን ፍርድ ቤት ክርክር ጀመርን። እኔ ጠበቃ አልነበረኝም። መልሴን የጻፈልኝ ከፍርድ ቤቱ አጥር ውጭ ላስቲክ ወጥሮ የሚቀመጥ አቤቱታ ጸሐፊ ነው። ያ ጸሐፊ ምስክሮችህን አሁኑኑ ዘርዝር አላለኝም። እኔ ደግሞ ምስክር የሚጠራው ዳኛው «ማን አየ?» ሲል ነው ብዬ ነበር፤ ሽማግሌ ፊት እንደዚያ ነውና። ስለዚህ ያን ሁሉ ዓመት ማሰሮውን ተሸክሞ ከነጋዴው ቤት ወደ እኛ ቤት ያመጣ የነበረውን ሠራተኛ ይዤ ስቀርብ ዳኛው ወረቀቱን ገለጠና «አባት፣ ይሄ ሰው በመልስዎ ላይ አልተዘረዘረም። አይሰማም» አለ። ሰውዬው እግሩን እያነከሰ የሁለት ሰዓት መንገድ መጥቶ ነበር። ያንኑ መንገድ አብረን ተመለስን።

በማግስቱ ቦንጋ ወረድኩ፣ ይግባኝ ልል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት መስኮት ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች ሴት ወረቀቴን አነበበችና መለሰችልኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ትዕዛዝ ነው። ክሱ ገና አልተወሰነም። አሁን ይግባኝ አይባልበትም፤ ፍርዱ ሲሰጥ ከፍርዱ ጋር አብረው ያነሱታል።»

«እስከዚያስ?»

«እስከዚያ ይከራከሩ።»

መስኮቱን ዘጋችው። የምሳ ሰዓት ነበር። እኔ ግን መስኮቱን እንጂ ሰዓቱን አላየሁም። ይከራከሩ! ምስክሬን ቀምተውኝ በምን ልከራከር? ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ አንድ ነገር ተምሬ ነበር፤ ትዕዛዝ ላይ ይግባኝ የለም። አቤቱታ ጸሐፊውም ስነግረው ራሱን ነቀነቀና «ድሮስ! ትዕዛዝ ላይ ይግባኝ የለም» አለ። ከሁለት ሰው የሰማሁትን እንደ ጸሎት ያዝኩት።

ከዚያ ነው ያ ሰኞ የመጣው።

ማሩ ሊደርስ ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል። ነጋዴው ችሎት ፊት ቆሞ፣ ኮቱን ቆልፎ፣ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሽ ማሩን ቀድሞ ቆርጦ ይወስደዋል፤ ጫካውንም ያወድመዋል። ክሱ እስኪወሰን ድረስ እኔ እንድይዘው ይታዘዝልኝ» አለ። ዳኛው ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ጥቂት ጻፈና አነበበው፤ ክርክሩ እልባት እስኪያገኝ ድረስ ጫካውና በውስጡ ያሉት ቀፎዎች ለከሳሽ ይረከቡ፤ ተከሳሽ እንዳይገባ።

«ጌታዬ» አልኩ፣ «እኔ የሰቀልኩትን?»

«አባት፣ ጊዜያዊ ነው። ፍርድ አይደለም። አይጨነቁ።»

አይጨነቁ አለኝ። የማር መቆረጥስ ጊዜያዊ ነው እንዴ? አንዴ ከተቆረጠ ፍርድ ስላገኘህ ተመልሶ የማር እንጀራው ውስጥ ይገባል? ዛፍስ ከተቆረጠ በኋላ በየትኛው ውሳኔ ይነሳል? ይሄን ሁሉ እዚያው ማለት ነበረብኝ። በቋንቋዬ በካፊኖኖ ቢሆን እል ነበር። በአማርኛ ግን ቃሉን ስፈልግ ዳኛው ሌላ መዝገብ ገለጠ። «እሺ ጌታዬ» ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለቴን ሳስብ ከዳኛው ይልቅ ራሴን ልመታ እፈልጋለሁ።

ረቡዕ ዕለት ርክክቡ ሆነ። ሁለት ሚሊሻ፣ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ነጋዴው ከነደብተሩ። ቀፎዎቹን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ መንገድ እንድመራ ተደረግሁ፤ የራሴን ቤት ለሌባ እንደማሳየት ነው። እሱ ከኋላዬ እየተከተለ ይጽፋል። አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ሥር ደረስን፤ ላዩ ላይ ያለው ቀፎ ጠቁሯል።

«ይሄኛው አሮጌ ነው፤ አይቆጠር» አለ ነጋዴው።

«አባቴ የሰቀለው ነው» አልኩት።

«ታዲያ አባትህ መጥተው ይቁጠሩት።»

አንደኛው ሚሊሻ ሳቀ። ወዲያው አፈረና መሬት መሬት አየ። አባቴ ለዚህ ነጋዴ ቦታ ሲሰጠው አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ ዛፉን መርጦ የሰጠው ራሱ አባቴ ነው፤ «ይቺ ነፋስ አያገኛትም፣ ንቡ ይወዳታል» ብሎ።

ከርክክቡ በኋላ ወደ አቤቱታ ጸሐፊው ሄድኩ። ገና ሳይሰማኝ «ትዕዛዝ ነው አይደል? ጋሼ፣ ነግሬዎት የለ? ፍርዱን ይጠብቁ» አለ። ጠበቅሁ።

ሳምንት ሳይሞላ ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። አንደኛው የልጄ የክርስትና አባት ናቸው። አገር የሚያከብራቸው፣ እኔም ስማቸው ሲጠራ የምነሳላቸው ሰው። ተቀመጡና «ልጄ፣ ሰውዬው ፀፅቶታል። ጎረቤት ከጎረቤት በፍርድ ቤት መጎተቱ አሳፍሮታል። ነገሩን ለእኛ ስጡን» አሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያን ዕለት ወንዝ ወርጄ ታጠብኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የቀለለኝ መሰለኝ።

እዚህ ላይ የእኛን ልማድ ልናገር፤ ሁሉ ነገር የዞረው በሱ ነውና። ነገር ሽማግሌ እጅ ከገባ በሌላ በር አይኬድም። ሽማግሌ ይዞህ ሳለ ዳኛ ጋ መሄድ ሽማግሌውን በጥፊ እንደመምታት ነው፤ ከዚያ በኋላ ልቅሶህ ላይም የሚመጣ የለም። እኛ እንደምናምነው ደግሞ ነገሩ ራሱ ይቆማል። እንደ ተሸፈነ ቀፎ ነው፤ አይነካም፣ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሽማግሌ ከያዘው ቀን ጀምሮ ጊዜም አብሮ የሚቀመጥ ይመስለን ነበር። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አገሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያስበው። ነጋዴው ግን የከተማ ሰው ነው። እኛ የምናምነውንም፣ ፍርድ ቤት የሚያምነውንም ያውቅ ነበር።

በመጀመሪያው እሑድ ተሰበሰብን፤ ነጋዴው ቡና ሊያይ ሺሺንዳ ሄዷል ተባለ። በሁለተኛው አሞታል። በሦስተኛው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ ይሄ እውነት ነው፣ እኔም ቀብሩ ላይ ነበርኩ። በአራተኛው ነጋዴው ራሱ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሁላችንንም ሳመን፤ እኔንም። «አባቶቼ፣ በጾም እንዲህ አንጨቃጨቅ። የፋሲካው ሳምንት ቅዳሜ እቤቴ በግ አርጄ እጠራችኋለሁ፤ በደስታ እንጨርሰዋለን» አለ። ሽማግሌዎቹ «ተባረክ» አሉት። እኔም አሜን አልኩ።

በመሀሉ መጥረቢያ መስማት ጀመርኩ። ከደጄ ቆሜ እሰማዋለሁ፤ ከወንዙ በኩል፣ ጠዋት ጠዋት። ቡናው ፀሐይ እንዲያገኝ ብሎ ዛፉን እያሳሳው ነው አሉኝ። ጫካ የምታሳሳው ለዘለቄታ ልትይዘው ስታስብ ነው። ወደ ልጄ ክርስትና አባት ሮጥኩ።

«አባቴ፣ ዛፍ እየቆረጠ ነው!»

«እነግረዋለሁ። አንተ ብቻ ወደዚያ ዝር እንዳትል። ትዕዛዝ አለብህ። ሽማግሌም ይዞሃል።»

በሁለት ገመድ ታስሬያለሁ ማለት ነው። አንዱን ገመድ ዳኛው፣ አንዱን ሽማግሌው ይዘውታል፤ መጥረቢያውን ግን ማንም አልያዘውም።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ለበዓሉ የሚሆን ልገዛ ቦንጋ ገበያ ወጣሁ። ሽንኩርት ተራ ጎንበስ ብዬ ስመርጥ ከአጠገቤ አንዲት ሴት «ጋሼ፣ ያ መዝገብዎ ምን ደረሰ?» አለችኝ። ቀና ስል የመስኮቷ ሴት ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ዘንቢል ይዛለች።

«ምን ይደርሳል?» አልኳት፤ ድምፄ ለራሴም ሻከረብኝ። «ይከራከሩ አላልሽኝም? ተከራከርኩ። ጫካውን ወስደው ለከሳሹ ሰጡት።»

«ፍርድ ተሰጠ?»

«የለም። ትዕዛዝ ነው። ትዕዛዝ ላይ ደግሞ ይግባኝ የለም፤ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ።»

ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። «ቆይ፣ ቆይ። ምን የሚል ትዕዛዝ?»

ነገርኳት። ሽንኩርት ሻጯ ሳትቀር ታዳምጣለች።

«ጋሼ፣ ትዕዛዝ ሁሉ አንድ አይደለም እኮ። የዚያን ዕለት ያመጡት ምስክር አይሰማም የሚለውን ነው። እሱ ፍርዱን ይጠብቃል፤ ያልኩት ልክ ነው። ይሄኛው ግን ንብረት ከእርስዎ እጅ አውጥቶ ለሌላ የሚሰጥ ነው። እንደዚህ ያለው፣ ሰው ይታሰር የሚለውም ጭምር፣ ፍርድ አይጠበቅበትም። እዚያው ወዲያው ይግባኝ ይባልበታል።»

«ያን ዕለት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያን ዕለት ይሄ ትዕዛዝ የት ነበር?»

«መስኮቱን ዘጋሽብኝ!»

ሽንኩርት ተራው ዞሮ አየን። እኔ ሴት ላይ ስጮህ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እሷ «በእሱ ልክ ነዎት። መዝጋት አልነበረብኝም» አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ «መቼ ነው የተሰጠው?» ብላ ጠየቀች።

«ጾሙ የገባ ሰኞ።»

በጣቷ ሳይሆን በጾሙ ቆጠረች። «ዛሬ የጾሙ ሃምሳ ሦስተኛ ቀን ነው። የታዘዘበትን ዕለት ሳንቆጥር ሃምሳ ሁለት። ይግባኙ ስድሳ ቀን ነው ያለው። ስምንት ቀርቶዎታል፤ ነገ ስቅለት ነው፣ ከነገ ወዲያ ቅዳሜ፣ ፋሲካ… ስድሳኛው ቀን የፋሲካው ሳምንት ዓርብ ላይ ያልቃል።»

«ግን እኮ ሽማግሌ ይዞናል» አልኳት። «ነገሩ ቆሟል። ቅዳሜ እንጨርሳለን።»

«የቱ ቅዳሜ?»

«የፋሲካው ሳምንት።»

አየችኝ። «ጋሼ፣ ሽምግልና ቀን አያቆምም። እርስዎ ከሽማግሌ ጋር ሲቀመጡ ስድሳው ቀን እየሄደ ነው። ያን ቅዳሜ የመረጠው ማነው?»

«እሱ።»

ስድሳው ቀን ዓርብ ያበቃል፣ እሱ ቅዳሜ በግ ያርዳል። ፊቴ ላይ የሳመኝን ቦታ በእጄ ጠረግሁት። የመረጥኩትን ሽንኩርት እዚያው ትቼው ሄድኩ፤ ሻጯ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለች ስትጠራኝ ይሰማኛል፣ ግን አልዞርኩም።

በስቅለት ቤተ ክርስቲያን ውዬ ሰገድኩ። እውነቱን ልናገር፣ የሰገድኩት በቁጣ ነው። ግንባሬ መሬት በነካ ቁጥር ነጋዴው ነበር ፊቴ ላይ የሚመጣው። ክርስትና አባቱ ከእኔ ሁለት ሰው ራቅ ብለው ይሰግዳሉ። ሲያበቃ ከቅጽሩ ውጭ ጠበቅኋቸው።

«አባቴ፣ ያ ቅዳሜ የይግባኙ ቀን ካለፈ በኋላ መሆኑን ያውቁ ነበር?»

«የምን ይግባኝ?»

«ስድሳ ቀኑ ዓርብ ያልቃል። እሱ አውቆ ነው ቅዳሜ ያለው።»

«ቀን ጠየቀን፣ ሰጠነው። እኛ የምናውቀው የጾምና የገበያ ቀን ነው» አሉ። እውነታቸውን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠና «ታዲያ ሽማግሌ ረግጠህ ልትሄድ ነው?» አሉ።

«ሽማግሌን የረገጠ እሱ ነው፤ እኔማ እየተረገጥኩ ነው። አዎ፣ እሄዳለሁ» አልኳቸው። በዕድሜዬ ለእኚህ ሰው እምቢ ብዬ አላውቅም።

ፋሲካው አልጣመኝም። ሰኞ ጠዋት በእግሬ ወረዳ ፍርድ ቤት ደረስኩ። ለይግባኙ የትዕዛዙ ግልባጭ ከነማኅተሙ ያስፈልጋል። መዝገብ ቤቱ በቁልፍ ተቆልፏል። ዘበኛው «መዝገብ ያዡ ለበዓል ደካ ያሉ ወላጆቹ ዘንድ ሄዷል» አለኝ።

«ቁልፉስ?»

«ይዞት ሄዷል።»

«መቼ ይመጣል?»

«ረቡዕ። ካልሆነ ሐሙስ። በዓል አይደል እንዴ ጋሼ፣ ምን አስቸኮለዎት?»

የአንድ ወረዳ ሕዝብ ነገር በአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ደካ ላይ በግ እየበላ ነው። ዘበኛው ላይ መጮህ ፈልጌ ነበር፤ ግን እሱም በበዓል ቀን ብቻውን በር ይጠብቃል። ማክሰኞ ቦንጋ ሄጄ ለመስኮቷ ሴት ነገርኳት። የመዝገብ ያዡን ቁጥር ታውቀው ነበር። ከራሷ ሞባይል ደወለች፤ በሩን ከፍታ ስለወጣች ሁሉንም ሰማሁ።

«እንኳን አደረሰህ! እናትህ ደህና ናቸው? … ጎሽ። ስማ፣ ቁልፉ ኪስህ ውስጥ ነው? … አትሳቅ። እዚህ አንድ አባት ዓርብ ቀናቸው ያልቃል። … ምን መኪና የለም ትለኛለህ፤ ስትሄድ በንስር ነው የሄድከው? … ነገ። ነገ ካልመጣህ ስምህን ለፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት በጽሑፍ ነው የምሰጠው፤ «መኪና የለም» ማለትህንም እጽፋለሁ። በል፣ ለእናትህ ሰላም በልልኝ።»

ስልኩን ዘጋችና «ይመጣል» አለች። «አሁን ይግባኙን የሚጽፍልዎት ይፈልጉ። እኔ መጻፍ አይፈቀድልኝም። ግን ሁለት ነገር እንዳይረሳ ያድርጉ። አንደኛ፣ ትዕዛዙ ንብረት ከእጅዎ ያወጣ መሆኑ ከላይ ይጻፍ፤ አለበለዚያ እኔ ያን ዕለት እንዳልኩዎት «ፍርዱን ይጠብቁ» ብለው ይመልሱታል። ሁለተኛ፣ ትዕዛዙ እንዲታገድ ለብቻው ይጠየቅ። ይግባኝ ማለት ብቻውን መጥረቢያ አያስቆምም።»

ረቡዕ ከሰዓት መዝገብ ያዡ መጣ፤ አቧራው ፀጉሩ ላይ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። ሐሙስ ጠዋት ግልባጩን ሰጠኝ። ይዤው የሄድኩት ወደዚያው ላስቲክ ሥር ነው፤ ሌላ ጸሐፊ አልነበረማ።

«ትዕዛዝ ላይ ይግባኝ የለም ብለኸኝ ነበር» አልኩት።

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

«ታዲያ አንተን ከሁሉም የሚለይህ እስክሪብቶው ብቻ ነው?»

መጻፍ ጀመረ። ያለችኝን ሁለቱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኩት፤ ከላይ አስጻፍኩ፤ ሲጨርስም አስነበብኩት፤ ደግሞ አስነበብኩት። የሰው ጫካ በአንድ መስመር ይጠፋል። ከዚያ በፊት ወረቀት ሲጻፍልኝ ወደ ሌላ ወደ ሌላ ነበር የማየው፤ የተማረ ሰው ሥራ ነው ብዬ። ያን ዕለት እጁን ተከትዬ አየሁ።

ዓርብ ጠዋት መስኮቱ ሳይከፈት በር ላይ ነበርኩ። ተቀበለችኝ፣ ቀን አስገባች፣ ማኅተም መታች። «ስድሳ» አለች። ቅዳሜ ነጋዴው በግ አርዶ ሽማግሌዎቹን ጠራ፤ እኔ አልሄድኩም። የበሉት በግ ምን እንደጣማቸው አላውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሦስት ዳኞች ፊት ቆምኩ። መካከለኛው «ይሄ በክርክር መሀል የተሰጠ ትዕዛዝ ነው፤ ለምን አሁን መጡ?» አለኝ። በዚህ ጊዜ ቃሉ አልጠፋኝም። «ጌታዬ፣ ትዕዛዙ ንብረቴን ከእጄ አውጥቶ ለባላጋራዬ ሰጥቷል። ምስክር አልተሰማልኝም ብዬ አልመጣሁም፤ እሱን በጊዜው አነሳዋለሁ። አሁን የመጣሁት ዛፉ እየወደቀ ስለሆነ ነው» አልኩ። ተያዩ። ይግባኙ ያስቀርባል፣ ነጋዴው መጥቶ ይመልስ አሉ፤ እስኪሰማም ድረስ ማር እንዳይቆረጥ፣ ዛፍ እንዳይነካ አገዱ። የእግዱን ወረቀት ደረቴ ላይ ይዤ ወጣሁ። በኋላም ነጋዴው ቀርቦ ተከራክሮ ትዕዛዙ ተሻረ፤ ክሱ እስኪወሰን ጫካው በእጄ ይቆይ ተባለ። ዋናው ክርክር ሌላ ሁለት ዓመት ፈጀ፤ ያ የሚያነክሰው ምስክሬ በመጨረሻ በይግባኝ ተሰማ፤ ጫካውም በእጄ ቀረ።

ሁሉም ግን አልቀረም። እግዱ በደረሰ ማግስት ጫካ ገባሁ። ሁለት ትልልቅ የገተም ዛፎች ወድቀዋል። ነጩ ማር ከገተም አበባ ነው፤ አበባውም ደርሶ ነበር። አራት ቀፎ ከዛፉ ጋር መሬት ተፈጥፍጦ ንቡ ግንዱ ላይ ይርመሰመሳል፤ የሚገባበትን አጥቶ። ሳልሸፈን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነደፉኝ፤ ይንደፉኝ። ያን ዕለት እኔና ንቦቹ የተቆጣነው በአንድ ነገር ነው።

ሰው «ፈረደልህ አይደል፣ አሁንስ ምን ያናድድሃል?» ይለኛል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሕጉ የተጻፈ ነበር። መውጫ በሩም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ክፍት ነበር። ዳኛው «ጊዜያዊ ነው፣ አይጨነቁ» ሲለኝ «ካልተስማሙ ስድሳ ቀን አለዎት» ቢል ምላሱ አያጥርበትም ነበር። ጸሐፊው ባይዋሽም ግማሹን ነው የተናገረው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይልቅ ሰውን አስሮ ያስቀምጣል። ነጋዴው በእኔ ድንቁርና ብቻ ቢጠቀም ይቅር እለው ነበር። የተጠቀመው ግን በሽማግሌ ክብር ነው፤ በልማዳችን አሰረኝ። ከዚያ ወዲህ እኛ አካባቢ ሽማግሌ ሲመጣ አንዳንዱ ሰው «መጀመሪያ ይግባኜን ላስገባ» ይላል። ሽማግሌዎች በዚህ ያዝናሉ። እኔም አዝናለሁ፤ ግን ልክ ነው እላለሁ።

ክርስትና አባቱና እኔ ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም። በኋላ ራሳቸው መጡ፤ ስለ ነገሩ ሳናነሳ ታረቅን። ነጋዴውን መንገድ ላይ ሳገኘው ሰላም እለዋለሁ፤ የእግዚአብሔር ሰላምታ ነውና። ማሰሮ ግን ቢያመጣም አልቀበልም።

ከዚህ ሁሉ ያወጣኝ ዳኛም ሽማግሌም ጠበቃም አይደለም። አንዴ መስኮት ዘጋችብኝ፤ ከዚያ ግን ሽንኩርት ተራ መሀል ስጮህባት ጥላኝ አልሄደችም። «ስሜን እንዳያነሱ» ስላለች አላነሳውም። ለሚያውቃት ግን፣ ሺሺንዳ የሚኖር የአንድ ልብስ ሰፊ ልጅ፣ የከፍተኛው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ ባለመነጽሯ ሴት ናት።